የመድንና የዓይን ክሊኒክ ውል፦ ጥያቄና መልስ

ከቦሌ አራብሳ፦ የጤና መድህን መታወቂያዬን ይዤ ብሄድ መነጽር ይሰጡኛል?

አይሰጡም አባቴ። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መነጽር አይሸፍንም። ለምርመራው ከጤና ጣቢያ ይጀምሩና ሪፈር ይዘው ይሂዱ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ እህት ረዘም አድርጋ ጽፋለች። መሥሪያ ቤቷ ሠራተኞቹን በግል መድን ድርጅት የቡድን ሕክምና ሽፋን አስገብቷቸዋል። የዓይን ክሊኒኩ መርምሮ ከጨረሰ በኋላ «መድንሽ የሚከፍለን አይበቃንም» ብሎ ልዩነቱን ከኪሷ ተቀበላት። መነጽሩንም ከአንድ ሱቅ ብቻ እንድትገዛ ተነገራት። መብቴ ምን ድረስ ነው ትላለች።

ደረሰኝሽን አትጣዪ፤ ልዩነቱ ለብቻው ተጽፎበት ይሁን። ቀጥሎ የሰው ኃይል ክፍል ሄደሽ መድን ድርጅቱና ክሊኒኩ ስለ ዓይን ሕክምና የተዋዋሉትን የዋጋ ዝርዝር አሳዩኝ በዪ። «አንቺን አይመለከትም» ቢሉሽ አትመለሺ። ውሉን የፈረሙት ክሊኒኩና መድን ድርጅቱ ናቸው፤ አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የሚገባው ክፍያ፣ የሚከፈለው ግን ላንቺ ጤና ነው። ውሉ ልዩነት ማስከፈልን ከከለከለ ገንዘብሽ ይመለስልሽ።

ይህ ነገር ያንገበግበኛል። መድን ድርጅቱን ብሔራዊ ባንክ ይቆጣጠረዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ክሊኒክን የከተማው ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይቆጣጠረዋል። በሁለቱ መካከል የተፈረመውን ውል ግን ታካሚው የሚያውቀው ገንዘብ ተቀባዩ ፊት ሲቆም ነው። ክሊኒኮቹንም እረዳለሁ፤ መድኑ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ከወሰነና ክፍያውን ካዘገየ ጫናው የሚወርደው ታካሚው ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ በርካታ ግዛቶች መድን ድርጅት እሱ በማይሸፍነው አገልግሎት ላይ ለዓይን ሐኪሙ ዋጋ እንዳይተምን በሕግ ከልክለዋል። ቴክሳስም እ.ኤ.አ. በ2023 መድን ድርጅት የዓይን ሐኪሞችን በደረጃ ከፋፍሎ ታካሚን ወደተመረጡት እንዳይነዳ የሚከለክል ሕግ አውጥቷል። እኛም ደንብ ያስፈልገናል። ተጨማሪ የሚከፈል ካለ ከምርመራው በፊት በጽሑፍ ይነገር፤ መድኑ የሚከፍልበት ቀን ይወሰን፤ መነጽር የትም መግዛት ይቻል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል፤ ለዓይን ታካሚ ሲሆን ለምን ይደበቃል? በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ ለዚህ የተዳረጉት በሞራ ግርዶሽ መሆኑን አሳይቷል። በቀዶ ሕክምና የሚድን ነገር ነው። ያልተጠበቀ ሂሳብ ያስደነገጠው ሰው ግን ለቀዶ ሕክምናው አይመለስም።

ከገላን፦ እናቴ ድንገት አንድ ዓይኗን ከባድ ሕመም ይዟት ቀልቷል፤ አምፖል ዙሪያ ቀለበት ይታያታል፤ ታስመልሳለች። የመድናችን ክሊኒክ እስኪከፈት ሰኞን እንጠብቅ?

በፍጹም! ለዚህ ወጣት ደብዳቤው እንደደረሰኝ ደውዬለታለሁ፤ እዚህ የምደግመው ለሌሎቻችሁ ነው። ይህ ድንገተኛ ግላኮማ፣ ማለትም በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት በድንገት መጨመር፣ ሊሆን ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ዓይን ያጠፋል። ውል ያለው የሌለው እያላችሁ አትምረጡ። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም ሆነ የዓይን ሐኪም ያለበት ሌላ ቅርብ ሆስፒታል፣ በሌሊትም ቢሆን ውሰዷቸው። ጠብታ ገዝታችሁ ቤት አታቆዩዋቸው። የሂሳቡን ጉዳይ ዓይናቸው ከዳነ በኋላ ከመድኑ ጋር ትነጋገራላችሁ።

ከካራ፦ መንገድ ላይ የሚሸጥ የማንበቢያ መነጽር ዓይን ያበላሻል?

አያበላሽም፤ የሁለቱ ዓይንዎ ቁጥር ከተለያየ ግን ራስ ምታት ይይዝዎታል። ሲመችዎ ይለኩ።