«ማተቤ አንገቴ ላይ ነው፤ ማመን ግን ከበደኝ»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እናቴ ካረፈች 7 ወር ሆናት። ታማ ሳለች ጠበል አመላለስናት፣ ሱባኤ ያዝንላት፤ አልዳነችም። ከተዝካሯ ወዲህ ዳዊት መድገም አቃተኝ። የዕለቱን ላድርስ ብዬ እጀምርና ከሁለት ገጽ አላልፍም። «እግዚአብሔር በእውነት አለ ወይ?» የሚለው ሐሳብ ሌሊት አላስተኛ ብሎኛል። ማተቤ አንገቴ ላይ ነው፤ እጄ ግን አንዳንዴ ሊበጥሰው ይሄዳል። ለማንም አልተናገርኩም።
*የ3ኛ ዓመት ተማሪ፣ ከሐዋሳ*

መልስ፦ ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድማችን። መጀመሪያ ጥያቄህን ወረቀት ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፈው። «አለ ወይ?» ብለህ ጀምረህ እጅህ «እናቴን ለምን አላዳናትም?» ብሎ ቢጽፍ አይግረምህ። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው መምህርና ንባብ ይፈልጋል። ሁለተኛው ኀዘን ነው፤ ኀዘንን ደግሞ ክርክር አያሽረውም። የአማኝና የኢአማኝ ሙግት በዩቲዩብ እያዩ ማንጋት ብዙ ወጣቶችን የሚያደክመው ለዚህ ነው፤ ማልቀስ የሚገባው ሰው ለመርታት ይቀመጣል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዲህ ያለውን አትክፈት። ጥያቄው እውነተኛ ከሆነ ጠዋትም ይገኛል።

ዳዊትን በተመለከተ ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። እንደምታውቀው ዳዊት 15 ንጉሥ ነው፤ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር። የሰኞው ብቻ ከ1 እስከ 30፣ ማለትም 3 ንጉሥ ነው። በደኅና ጊዜ የምትሸከመውን በኀዘን ጊዜ ካልተሸከምኩ ስትል ትወድቃለህ፤ ከወደቅህ በኋላ የሚያርቅህ ደግሞ ከጥርጣሬው ይልቅ ኀፍረቱ ነው። ስለዚህ ቀንሰው። ለ40 ቀን መዝሙር 12ን ብቻ ያዝ (በሌላው አቆጣጠር 13)። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምራል፤ 6 ቁጥር ስለሆነ ድምፅ አውጥተህ በቀስታ ብታነበው 2 ደቂቃ አይሞላም። ጠዋት፣ ፊትህን ታጥበህ፣ ስልክ ሳትነካ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ቆመህ። አማትብ፣ አቡነ ዘበሰማያት በል፣ መዝሙሩን አንብብ፤ በቃ።

ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንዱ ደስ ያለህ ቀን ወደ ሙሉው ንጉሥ መመለስ ነው፤ በማግስቱ ይከብድሃል። ሌላው ያመለጠህን ቀን እንደ ዕዳ ቆጥረህ በማግስቱ እጥፍ ማድረግ ነው። ያመለጠው አመለጠ፤ የዛሬውን አድርስ። ምንም ስላልተሰማህም አልሠራም አትበል።

ምሬትህ ሲበዛ ሐሙስ የሚደርሰውን መዝሙር 87 (88) ተመልከት። «የመድኃኒቴ አምላክ» ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ምሬት ነው፣ በምስጋናም አይዘጋም። ቤተ ክርስቲያን ከዳዊት አላወጣችውም፤ ትጸልይበታለች። እግዚአብሔርን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ከጸሎት መውጣት አይደለም።

ቶማስም «ካላየሁ አላምንም» ካለ በኋላ ከ8 ቀን በላይ አልቆየም፤ እነዚያን ቀናት ግን የት እንዳሳለፈ ልብ በል። ጥርጣሬው ሳይለቀው ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በቤት ውስጥ ነበር (ዮሐ. 20፥26)። እነርሱ አላስወጡትም፣ እርሱም አልኮበለለም፤ ጌታም እዚያው መጣለት። በዳግም ትንሣኤ እሑድ የምናስበው ይህን ነው። አንተም ልብህ እስኪስተካከል ሳትጠብቅ ቅዳሴ ሂድና ቁም።

ለነፍስ አባትህ ስትናገር «ጸሎት ሰነፍኩ» ብለህ አትሸፍነው። «እግዚአብሔር መኖሩን ተጠራጠርኩ፤ የጀመረኝ እናቴ ስታርፍ ነው» በል። በሽታውን ያልነገሩት ሐኪም ምን ያዝዛል?

ማር ይስሐቅ፣ የ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሶርያዊ መነኩሴ፣ ጨለማ ለወረሰውና መጸለይ ላቃተው ሰው የሰጠው ምክር አለ፦ መጎናጸፊያህን ተከናንበህ ተኛ፤ ሰዓቱ እስኪያልፍ ግን ከበኣትህ አትውጣ። ላንተም ይሠራል። በጣም በከበደህ ሌሊት ጋቢህን ተከናንበህ ተኛ፤ ማተብህን ግን አትንካ።

ጥያቄ፦ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ስለ ሥጋ ወደሙ ለመናገር የሚዘገንን ስድብ በአእምሮዬ ይመጣል። አልፈልገውም፤ ባባረርኩት ቁጥር ይብሳል። 2 ዓመት ሙሉ አልቆረብኩም። ለካህን ልናገር ስል አፌ ይተሳሰራል።
*ከደብረ ብርሃን*

መልስ፦ እኅታችን፣ የሚያስጨንቅሽ መሆኑ ራሱ ሐሳቡ ያንቺ እንዳልሆነ ያሳያል፤ የወደደው ሰው አይጨነቅበትም። አባቶች የመጣን ሐሳብና የተቀበሉትን ሐሳብ ይለያሉ፤ ኃጢአት የሚሆነው ሁለተኛው ነው። የሚብሰውም ስለምትታገዪው ነው። መልስ አትስጪው፣ በላዩ ላይ 10 ጊዜ አታማትቢ፣ ጸሎቱንም ከመጀመሪያው አትድገሚ፤ የጀመርሽውን ቀጥዪ።

በግብፅ ሲና ተራራ ያለው ገዳም አበምኔት የነበረው ዮሐንስ በዚህ ሐሳብ 20 ዓመት የተሠቃየ አንድ መነኩሴ ነገር ጽፏል። መናገር አፍሮ በወረቀት ጻፈና ለአንድ አረጋዊ አባት ሰጠ። አረጋዊው አንብበው ፈገግ አሉ፤ እጁን በአንገታቸው ላይ አስደርገው «ይህ በእኔ አንገት ይሁን፤ አንተ ከእንግዲህ አትቁጠረው» አሉት። መነኩሴው ከዚያ ሳይወጣ ሐሳቡ ተወው። አንቺም ጽፈሽ ለነፍስ አባትሽ ስጪ፤ ስለ መቁረቡ እርሳቸው ይወስኑልሽ።

ሐሳቡ በየቀኑ ሰዓታት የሚበላ ከሆነ፣ ወይም እጅ ደጋግሞ መታጠብና መቁጠር ከጨመረብሽ፣ ኦሲዲ የሚባል የታወቀ ሕመም ሊሆን ይችላል። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ይታከማል። ጠበል እየተጠመቁ መድኃኒት መውሰድ ይቻላል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል፤ መድኃኒቱንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው።

ጥያቄ፦ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እሑድ ዕረፍት የለኝም፣ ቤተ ክርስቲያንም የለም። ጾሙም ተዘበራረቀብኝ። እምነቴ እየጠፋ መሰለኝ።
*ከሪያድ*

መልስ፦ የራቀሽ ደጀ ሰላሙ ነው እንጂ እምነትሽ አልጠፋም፤ የጠፋበት ሰው አይጠይቅም። ሥራ ላይ ሆነሽ በአንድ እጅ ቁጠሪ፦ ከአውራ ጣት በቀር 4 ጣት አለሽ፣ እያንዳንዱ 3 አንጓ፣ በድምሩ 12። አውራ ጣትሽን በየአንጓው እያሳለፍሽ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በይ። ማንም አያይሽም።

በጾም ቀን ከከብሳ ላይ ሥጋውን አንሥቶ ሩዙን መብላት ጾም አይሆንም፤ ሩዙ የበሰለው በሥጋው መረቅ ነው። ዳቦ፣ ተምር፣ በዘይት የተሠራ ፉል ካገኘሽ ይበቃሻል። ያልተቻለሽን በስልክ ለነፍስ አባትሽ ንገሪ፤ እንደ አቅምሽ ይወስኑልሻል። ኑዛዜውንና ቁርባኑን አገር ስትገቢ ታደርሺዋለሽ።

የሪያድና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው። እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቁርስ ስትሠሪ፣ አገር ቤት በብዙ አጥቢያ ቅዳሴ እየተገባ ነው። ያኔ አቡነ ዘበሰማያት በይ።