የማይሞተውን ሰውዬ እንቢ የሚለው ሰው ስጪው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «አምስት መቶ ዓመት የኖረ ገፀ ባሕርይ እየጻፍኩ ነው። ያነበቡልኝ ሁሉ ቀዝቃዛ ነው፣ አያሳዝንም ይሉኛል። ፍቅር ባስገባለት ሰው ሰው ይሸታል ወይ?» ነው ያልሽው። አዎ፣ ይሸታል። ግን ማንን ይውደድ የሚለው ላይ እኔም ሁለት ዓመት ስለተንከራተትኩ ልንገርሽ።

የእኔዋ ገፀ ባሕርይ ዘጠኝ መቶ ዓመቷ ነበር። ሰው እንድትመስል ብዬ ባል ሰጠኋትና በሁለተኛው ገጽ ላይ ገደልኩት። ከሞተ ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል፤ እሷ አሁንም ቀለበቱን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በመስኮት ዝናብ ታያለች። እየጻፍኩ አልቅሻለሁ፣ አልዋሽሽም። ረቂቁን ያነበበልኝ ጓደኛዬ ግን «ሴትዮዋ ሐውልት ናት» አለኝ። ተቀየምኩት። አንድ ሳምንት ሙሉ ስልኩን አላነሳሁም።

ቆይቶ ነው የገባኝ። የሞተ ባል ይመቻል። አይቆጣም፣ አይሰለችም፣ ጥሏት አይሄድም። ከሁሉም በላይ እንቢ አይላትም። የእሷን ገላ ስለት አይጎዳውም፤ ልቧን ደግሞ ለሙት ሰጥታ ቆልፋበታለች። ታዲያ በየት በኩል ትነካ? ያ ሁሉ የምኮራበት ሐዘን ጋሻዋ ነበር ለካ።

ያነቃኝ የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ የሆሜር ረጅም ግጥም፣ ኦዲሴይ ነው። ካሊፕሶ የምትባል የማትሞት አምላክ ከጦርነት ወደ ቤቱ የሚመለሰውን ኦዲሴዎስን ደሴቷ ላይ ሰባት ዓመት ታስቀምጠዋለች። ከእኔ ጋር ከቀረህ አትሞትም፣ አታረጅም ትለዋለች። እሱ ግን ቀን ቀን ባሕር ዳር ተቀምጦ አገሬ፣ ቤቴ እያለ ያለቅሳል። በኋላ አማልክቱ ልቀቂው ብለው ያዟታል። ይሄኔ ምን ብትለው ጥሩ ነው? በመልክም በቁመናም ከሚስትህ አላንስም እኮ! እስኪ አስቢው። ሞት የማይደፍራት አምላክ ራሷን ከአንዲት ሟች ሴት ጋር ታስተያያለች። እሱም አይዋሻትም። አዎ፣ አንቺ ትበልጫለሽ፣ እሷ ሟች ናት፣ ግን ቤቴን ነው የምፈልገው ይላታል። ከዚያ መጥረቢያ ትሰጠዋለች። ዛፎቹ ያሉበትን ራሷ መርታ ታሳየዋለች። ታንኳውን ሲጨርስ ደግሞ ሸራ የሚሠራበት ጨርቅ ታመጣለታለች። እኔን የገደለኝ ጨርቁ ነው። ጥሏት የሚሄድበትን ሸራ!

ስለዚህ ባልየውን ከመቃብር አስነሳሁት። በሕይወት ያለ፣ የሚያኮርፍ፣ የሌሊት ተረኛ ነርስ አደረግኩት። አንድ ቀን ጠዋት ከሥራ ሃያ ደቂቃ ይዘገያል። ዘጠኝ መቶ ዓመት የኖረች ሴት ሃያ ደቂቃ አቃታት። ስልኩን በፊቱ ትደፋዋለች፣ መልሳ ትገለብጠዋለች። ቁልፉ በሩ ላይ ሲንቀጫቀጭ ሮጣ ሄዳ መጽሐፍ ታነሳለች። ሲገባ የምትለው «በሩን ዝጋው፣ ይበርዳል» ብቻ ነው። መጽሐፉን የያዘችው ገልብጣ ነው። ያ ጓደኛዬ (ታርቀናል) ከዚህች መስመር ጎን በእርሳስ «ውይ» ብሎ ጻፈልኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከእሱ ያገኘሁት ብቸኛው ምስጋና ነው።

አንድ ነገር ግን ቀድመሽ ጨርሺ። ሰውዬሽ የሚወዳትን ሴት እንደ ራሱ የማትሞት ማድረግ ይችላል ወይስ አይችልም? ይህን ካልመለስሽ አንባቢ በየገጹ «ታዲያ ለምን አያደርጋትም?» እያለ ይነዘንዝሻል። ግሪኮቹ ለዚህም ተረት አላቸው። የንጋት አምላኳ ኢኦስ ወዳጄን ቲቶኖስን የማይሞት አድርግልኝ ብላ የአማልክቱን አለቃ ዜውስን ትለምነዋለች፤ አያረጅም የምትለውን ግን ረሳችው። ሰውየው አርጅቶ አርጅቶ እጅ እግሩን ማንቀሳቀስ ሲያቅተው ክፍል ውስጥ አስገብታ ዘጋችበት። ከውስጥ ድምፁ ብቻ ይሰማል። የእኔዋ አትችልም ብዬ ገላገልኩት።

ሌላው የዕውቀቱ ነገር ነው። አምስት መቶ ዓመት የኖረ ሰው ስለ ፍቅር ሁሉን ያውቃል ብለሽ ጥቅስ በጥቅስ አታድርጊው። እኔ አድርጌው አይቻለሁ፣ አጉል ሽማግሌ ይሆንብሻል። ይልቅ የሚያውቀው ሁሉ አንዷ ፊት አይሥራለት። የእኔዋ «እወድሃለሁ»ን ዛሬ ማንም በማይናገራቸው ቋንቋዎች ሁሉ ትችላለች። «ዛሬ አትሂድ፣ እፈራለሁ» ማለት ግን አፏ ላይ ይያዛል፤ ምክንያቱም ይሄኛው መልስ ይጠብቃል፣ መልሱ ደግሞ «ሥራ አለብኝ» ሊሆን ይችላል። ሆነም። ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። እሷ ወንበሯ ላይ ቀረች፣ እኔም ምዕራፉን እዚያው ዘጋሁት።

መጨረሻ ላይ ለፍቅር ብሎ ሟች ይሁን ወይ ብትዪኝ፣ ለእኔ ትንሽ ቀላል መውጫ ይመስለኛል። ግን ታሪኩ ያንቺ ነው።

አሁን ረቂቅሽን ክፈቺና አንድ ነገር ፈልጊ። ሰውዬሽ ከሌላ ሰው የሆነ ነገር የሚለምነው ስንተኛው ገጽ ላይ ነው? የእኔዋ እስከ ምዕራፍ 11 ድረስ ማንንም ምንም አልለመነችም ነበር።