ዱላው ጥግ ቆሞ ለከረመበት ሰው፦ ስለ ጎልፍ ጥያቄና መልስ

ጎልፍ ትተው ዓመታት ያስቆጠሩና አሁን መመለስ የሚፈልጉ ሰዎች ጥያቄያቸውን እንዲልኩልኝ ጠይቄ ነበር። ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ተመሳሳዮቹን አዋህጄ፣ ስማቸውን ትቼ፣ ከዚህ በታች መልሻለሁ። የምጫወተው ዋሽንግተን አካባቢ ባሉ የሕዝብ ሜዳዎች ነው። የሙያ አሰልጣኝ አይደለሁም፤ ከረጅም ዕረፍት የተመለሱ ሰዎችን ግን ይዤ መዞር ልማዴ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 64 ነው፤ ቨርጂኒያ እኖራለሁ። ጎልፍ ካቆምኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ዱላዎቼ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጠዋል። ልጆቼ «አዲስ እንግዛልህ» ይሉኛል። እሺ ልበላቸው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጆችዎ ይባረኩ፤ ገንዘቡን ግን ለጊዜው ያቆዩልዎት። ዛሬ ሱቅ ገብተው ቢለኩ የሚለኩት ሃያ ዓመት ያረፈ ሰውነትዎን ነው። ሁለት ሦስት ወር ከተጫወቱ በኋላ አመታትዎ ሌላ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ልኬቱ ትርጉም ይኖረዋል።

አሁን ማድረግ ያለብዎት አሮጌዎቹን መመርመር ነው። የላስቲክ መያዣው ጋራዥ ውስጥ ደርቆ እንደ መስታወት ሳያብለጨልጭ አይቀርም። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በብሩሽ ይፈትጉት፤ ከደረቀ በኋላ አሁንም የሚያንሸራትት ከሆነ አዲስ መያዣ ያስገጥሙ። የሚያንሸራትት መያዣ ሰውን ሳያውቀው ጨብጦ እንዲይዝ ያደርገዋል፤ ክንድ ይደርቃል፣ ምቱም ይበላሻል። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ዱላ ጭንቅላት በአንድ እጅ፣ ዘንጉን በሌላው ይዘው ጠምዘዝ ያድርጉ። ከተንቀጫቀጨ ወይም ከዞረ ማጣበቂያው ለቋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዱላ ሲመቱበት ጭንቅላቱ ተፈናጥሮ ሰው ሊጎዳ ስለሚችል ወደ ጥገና ይሂድ።

ሁለት ነገር ብቻ ቢለውጡ አልቃወምም። አንደኛው ድራይቨሩ (ለረጅሙ የመጀመሪያ ምት የሚያገለግለው ዱላ) ነው። የዱሮው ጭንቅላት ትንሽ ነበር፤ ከ2004 ወዲህ ሕጉ እስከ 460 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ይፈቅዳል፣ አምራቾችም እስከዚያው ጥግ ድረስ ሞልተውታል። ከመሐል ስተው ቢመቱ እንኳ ብዙ ይምርዎታል። ሁለተኛው 3 እና 4 አይረን (ቁጥር ያላቸው የብረት ዱላዎች፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኳሱ ይርቃል) ነው፤ እነሱን ጥለው አንድ ሃይብሪድ (እነሱን የሚተካ፣ ለመምታት የሚቀል ዱላ) ይያዙ። ያገለገለ ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳያስደነግጥዎት። አብሮዎት የሚጫወተው ሰው በ7 አይረን የሚመታውን ርቀት እርስዎ በ6 ወይም በ5 ቢመቱ ጉልበትዎ አለቀ ማለት አይደለም። የእርስዎ ዘመን 7 አይረን ፊቱ ወደ 35 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነበር (ማዘንበሉ ሲያንስ ኳሱ ይርቃል)፤ ዛሬ ለመካከለኛ ተጫዋች የሚሸጠው 30 ዲግሪና ከዚያም በታች ነው። ቁጥሩ ያው ነው፤ ብረቱ ግን ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ያደግሁት አዲስ አበባ ካዲ (የተጫዋች ዱላ ተሸካሚ) ሆኜ ነው፤ አለቆቻችን ሲሄዱ እኛም እንመታ ነበር። ያን ጊዜ በ7 አይረን 150 ሜትር እመታ ነበር። አሁን ሜሪላንድ ነኝ፣ 45 ዓመቴ ነው፣ 130 ሜትር ማለፍ አቃተኝ። እርጅና ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከፊሉ አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ስለሆነ ኳሱን ብዙም አይዘውም። በዚያ ከፍታ ኳስ ከ8 እስከ 10 በመቶ ያህል ይርቃል። ሜክሲኮ ሲቲም ተመሳሳይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከ2017 እስከ 2020 ትልቅ ውድድር ሲደረግባት የዓለም ምርጦች ሳይቀሩ በየምቱ ቅናሽ እያሰሉ ነበር የሚጫወቱት። የአንተ 150 ሜትር ሜሪላንድ ሲወርድ 137 ያህል ነው። ጠፋብኝ ካልከው 20 ሜትር ከግማሽ በላዩን ዕድሜ አልወሰደብህም። ስስ አየር ኳስ የማጠፍ ኃይሉም ደካማ ነው፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ወደ ቀኝ ይሄድ የነበረው ኳስህ እዚህ ዛፍ ውስጥ ቢገባ አትገረም።

ለመሆኑ ሜዳው ላይ ያነበብከው ቁጥር ሜትር ነው? አሜሪካ የሚጻፈው በያርድ ነው። 130 ያርድ ማለት 119 ሜትር ነው፤ እሱ ከሆነ ሒሳባችን ይለወጣልና እንደገና ጻፍልኝ።

ካዲ የነበረ ሰው የግሪን (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር) ተዳፋት የማንበብ ዓይኑ አይጠፋም። እኔ በዚህ እቀናብሃለሁ።

ጥያቄ፦ የልምምድ ሜዳ ሄጄ መቶ ኳስ መታሁ። እጄ ተላጠ፣ ወገቤ ተያዘ፣ ሦስት ኳስ ብቻ ደህና ሄደ። ከየት ነው መጀመር ያለብኝ?

መልስ፦ ከጉድጓዱ። ከዚያ ወደ ኋላ እየራቁ መሄድ ነው።

ፓር (ለአንድ ዙር የተመደበው የምት ብዛት) 72 በሆነ ሜዳ ስሌቱ ራሱ 36 ምት ለፑት (ኳሱን ግሪን ላይ ወደ ጉድጓዱ ለማንከባለል) ይመድባል፤ ግማሹ ማለት ነው። ተመልሶ የሚመጣ ሰው ግን ሁልጊዜ ድራይቨር ይዞ ይጀምራል፤ እጁን ልጦ፣ ተናድዶ ይሄዳል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድራይቨሩን ቤት ተወው።

ምንጣፍ ላይ በፑተር ጀምር። ከዚያ ሜዳው ወዳለው የልምምድ ግሪን ሂድ፤ አብዛኛው ቦታ በነጻ ነው። ከአሥር እርምጃ ርቀት ምታ፤ ለማግባት ሳይሆን ከጉድጓዱ አንድ የዱላ ርዝመት ውስጥ ለማስቀረት። ስትመታ ጥቂት ጊዜ ኳሱን ሳይሆን ጉድጓዱን እያየህ ምታ፤ እጅህ የርቀቱን ልክ የሚያስታውሰው እንዲህ ነው። ሰው በረጅም ዕረፍት የሚያጣው አቅጣጫን ሳይሆን ይህን ልክ ነው።

ቀጥሎ ከግሪኑ ጠርዝ ወጣ ብለህ ቁም። 8 ወይም 9 አይረን ያዝ። እግሮችህን አቀራርብ፣ ኳሱን ወደ ቀኝ እግርህ አስጠጋ፣ ክብደትህን ግራ እግርህ ላይ ጣል፣ እጆችህ ከኳሱ ቀደም ብለው ግራ ጭንህ ፊት ይሁኑ። ከዚያ የእጅ አንጓህን ሳታጥፍ ልክ እንደ ፑት ምታ። ኳሱ ግሪኑ ላይ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ ይረፍና ቀሪውን ይንከባለል። ሳንድ ዌጅ (ፊቱ በጣም ያዘነበለ ዱላ) አውጥቶ ኳስ ሽቅብ ማንሳት ያምራል፤ እጁ ያልሟሸ ሰው ግን ወይ አፈሩን ይቆፍራል ወይ የኳሱን አናት መትቶ ወደ ማዶ ይልከዋል። ይህን የምልህ ግራ እጅ ተጫዋች እንዳልሆንክ ገምቼ ነው፤ ከሆንክ ገልብጠው።

ይህ ሲለምድልህ በዌጅ ግማሽ ምት፣ ከዚያ ኳሱን ቲ (ትንሿ የኳስ ማቆሚያ) ላይ አድርገህ 7 አይረን። በአንድ ጊዜ ሠላሳ አርባ ኳስ በቂ ነው፤ በየመሐሉ ዕረፍት አድርግ። ለመቶ ኳስ የከፈልክ ቢሆን እንኳ የተረፈውን ጎንህ ላለው ልጅ ስጠው።

ጥያቄ፦ ሕጉ ተለውጧል አሉኝ። ምን ምን?

መልስ፦ በ2019 ብዙ ነገር ተለውጧል፤ አብዛኛው ለእኛ የሚያመች ነው። ግሪን ላይ ሆነው ሲመቱ ባንዲራውን ጉድጓዱ ውስጥ መተው ይቻላል፤ ኳሱ ቢነካው ቅጣት የለም። የጠፋ ኳስ የሚፈለገው 5 ደቂቃ ሳይሆን 3 ደቂቃ ነው። ግሪን ላይ የጫማ ጥርስ የተወውን ምልክት ማስተካከል ይቻላል፣ ዱሮ ክልክል ነበር። ግሪን ላይ ኳስ በስሕተት ቢነኩና ቢንቀሳቀስ ወደ ቦታው መልሶ መቀጠል ነው። አንድ ኳስ በአንድ ምት ሁለቴ ቢነካም እንደ አንድ ምት ይቆጠራል። ውሃና ጫካ ላይ «የቅጣት ክልል» የሚባል ነገር መጥቷል፤ በቀይ ወይም በቢጫ እንጨት ይከለላል፣ እዚያ ውስጥ ዱላን መሬት ማስነካት ተፈቅዷል። ባንከር (የአሸዋ ወጥመድ) ውስጥ ያለ ቅጠልና ድንጋይ ማንሳት ይቻላል፤ አሸዋውን ግን ከምቱ በፊት በዱላ መሞከር አሁንም አይቻልም።

ኳስን ወደ ጨዋታ ለመመለስ ከእጅ ሲጥሉ እጅን እስከ ትከሻ መዘርጋት ቀርቷል፤ አሁን ከጉልበት ከፍታ ነው። ትልቅ ሰው ሜዳ መሐል ጎንበስ ብሎ ኳስ ሲለቅ ማየት እስከዛሬ አልተዋጠልኝም፤ ሕግ ግን ሕግ ነው።

በአብዛኛው የሕዝብ ሜዳ ተራ መጠበቅም ላልቷል። ማንም ዝግጁ የሆነና ሰው የማይጎዳ ይመታል። ርቀት የሚለካ መሣሪያም ይፈቀዳል። ይህ ሁሉ ጨዋታውን ለማፋጠን ነው፤ እርስዎም ሲመለሱ ከምንም በላይ ይህን ልብ ይበሉ። ደካማ ተጫዋችን ማንም አይቀየምም፤ ዘገምተኛን ግን ከኋላ ያለው ቡድን በሙሉ ይረግመዋል።

ጥያቄ፦ ጎልፍ ስተው 12 ሃንዲካፕ (የችሎታ መለኪያ ቁጥር፤ ሲያንስ ይሻላል) ነበረኝ። አሁንም 12 ነኝ ብል ያስቀጣል?

መልስ፦ አያስቀጣም፤ ያዋርዳል እንጂ። ቀልዱን ልተወውና፣ ከ2020 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የሆነ አንድ ሥርዓት አለ። የ54 ጉድጓድ ውጤት፣ ማለትም ሦስት ሙሉ ዙር ሲያስመዘግቡ ቁጥር ይሰጥዎታል፤ ሃያ ዙር ሲሞላ ከመጨረሻዎቹ 20 ምርጥ 8ቱ እየተወሰዱ ይሰላል። ጣሪያው ለወንድም ለሴትም 54 ነው፤ ስለዚህ ማንም «ለሃንዲካፕ አልበቃሁም» ማለት አይችልም። የዱሮውን 12 ይርሱት።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፣ 58 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ «ከቀዩ መነሻ (ለጉድጓዱ ቀረብ ካለው የመምቻ ቦታ) መምታት የደካማ ነው» ይለኛል።

መልስ፦ እትዬ፣ እሱ ራሱ ወደ ፊት ቢመጣ ይሻለዋል። መነሻ የሚመረጠው በጾታ አይደለም፣ ኳስዎ በሚሄደው ርቀት ነው። በድራይቨር 175 ያርድ የሚመታ ሰው የሜዳው ጠቅላላ ርዝመት 4,500 ያርድ አካባቢ የሆነ መነሻ ይስማማዋል፤ 200 የሚመታ 5,300 አካባቢ። ባለቤትዎ ስንት እንደሚመታ ይለኩትና ቁጥሩን ያሳዩት።

ጥያቄ፦ ወገቤን ያመኛል። መጫወት እችላለሁ?

መልስ፦ ቀዶ ሕክምና ከነበረዎት ወይም ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይጠይቁ፤ ይህ የእኔ መልስ አይደለም። ተራ ድርቀት ከሆነ ግን፣ ከመምታትዎ በፊት አሥር ደቂቃ በፍጥነት ይራመዱ፣ ዱላውን ትከሻዎ ላይ አጋድመው ቀስ ብለው ወዲህና ወዲያ ይዙሩ። ዱላ ወደ ኋላ ሲወስዱ የግራ ተረከዝዎ ከመሬት እንዲነሣ ይፍቀዱለት፤ ዳሌ አብሮ ሲዞር ወገብ ያርፋል። ቦርሳ አይሸከሙ፣ በሚገፋ ጋሪ ይሂዱ። ከጉድጓድ ኳስ ለማውጣት ደግሞ በአንድ እግር ይንበርከኩ እንጂ ከወገብ አይጎንበሱ። ወገብ የሚያዘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ እሠራለሁ። ቀን ሙቀቱ አይቻልም፣ ዕረፍቴም ማታ ነው።

መልስ፦ ዕድለኛ ነህ፤ እዚያ በመብራት የሚጫወቱባቸው ሜዳዎች አሉ። በ1988 የተከፈተው የኤምሬትስ ጎልፍ ክለብ ፋልዶ የሚባለው ሜዳው በማታ ይሠራል። ርካሽ አይደለም። 9 ጉድጓድ (ግማሽ ዙር) ብቻ መጫወት ይቻል እንደሆነ ጠይቅ፤ ለተመላሽ ሰው 9 ይበቃል።

ጥያቄ፦ አጭር ፑት ላይ እጄ በራሱ ይነጥቃል። ያስቆመኝም ይኸው ነበር።

መልስ፦ ብቻዎን አይደሉም። ጀርመናዊው በርንሃርድ ላንገር በዚሁ ችግር ደጋግሞ ተሠቃይቷል፤ ሆኖም በ1985 እና በ1993 ማስተርስ የተባለውን ትልቅ ውድድር አሸንፏል። በየጊዜው አያያዙን እየለወጠ ነው ያመለጠው። እርስዎም አያያዝ ይለውጡ፦ ግራ እጅን ከታች፣ ቀኝን ከላይ። ረጅም ፑተር መያዝም ይቻላል፤ ከ2016 ጀምሮ ግን ደረት ላይ ወይም ሆድ ላይ አስደግፎ መምታት ተከልክሏል።

ጥያቄ፦ እንደ ዱሮዬ እሆናለሁ?

መልስ፦ በርቀት፣ አይመስለኝም። በውጤት፣ ሊሆን ይችላል። አንቶኒ ኪም በአሜሪካ ከነበሩት ወጣት የጎልፍ ተስፈኞች አንዱ ነበር፤ በ2012 ጠፋ፣ በ2024 ጂዳ ላይ ተመለሰ፤ ያንን የመጀመሪያ ውድድሩንም ከሰንጠረዡ ግርጌ ሆኖ ጨረሰ። ሦስት ጊዜ የፒጂኤ ቱር (የአሜሪካ ዋናው የባለሙያዎች) ውድድር ያሸነፈ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ እርስዎ በመጀመሪያው ዙር 120 ምት ቢመቱ ምን ይገርማል?

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ነኝ፤ ብቻዬን ነኝ፤ ሰው ሲያየኝ እፈራለሁ። የት ልሂድ?

መልስ፦ ላንግስተን የሚባለውን የሕዝብ ሜዳ እወደዋለሁ። በ1939 የተከፈተው ጥቁሮች በከተማዋ ሌሎች ሜዳዎች እንዳይጫወቱ በሚከለከሉበት ዘመን ለእነሱ ተብሎ ነው። እዚያ የሚመላለሱ ሽማግሌዎች እንግዳ ማነጋገር ያውቃሉ። ሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሂድ፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ሰውም ይሳሳል። ብቻህን ከሄድክ ከሌሎች ጋር ያጣምሩሃል። ገና ስትተዋወቁ «ከብዙ ዓመት በኋላ ዛሬ ነው የመጣሁት» በላቸው፤ ሁሉም የራሱ ኳስ ስለሚያስጨንቀው የአንተን የሚቆጥር የለም። በአንድ ጉድጓድ ስምንት ምት ከደረስክ ኳስህን አንሥተህ ወደሚቀጥለው እለፍ። የመጀመሪያውን ቀን ነጥብ አትጻፍ። ኳስ ግን ብዙ ያዝ፤ አሮጌ ይሁን።