የሩት 66 መጨረሻ እውነት ፒሩ ላይ ነው?

«ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ሳንታ ሞኒካ ፒር (ባሕሩ ላይ የተዘረጋው መድረክ) ላይ የሩት 66 መጨረሻ የሚል ታፔላ ስር ፎቶ ተነስቼ ለጥፌ፣ አንዱ መንገዱ እዚያ ደርሶ አያውቅም ብሎ አረመኝ። ቁጥራቸው የተቀየረ የድሮ ሃይዌዮች የት ያበቁ እንደነበር እንዴት ይታወቃል?» ላልከው ወንድሜ፣ ሰውየው እውነቱን ነው። ታፔላው የቆመው በ2009 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። 66 ደግሞ፣ ያ ከቺካጎ ሎስ አንጀለስ ድረስ ይሄድ የነበረው የድሮ ሃይዌይ፣ በ1985 ከዩኤስ መንገዶች ዝርዝር ጨርሶ ወጥቶ ነበር። ፎቶውን ግን አታጥፋው፤ ቦታው ያምራል።

እኔ ጭነት እየነዳሁ ይህን ነገር መከታተል ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው ዓመቱን ነው። መጨረሻ የሚባለው ነገር አንድ ቦታ አይረጋም። 66 በ1926 ሲወጣ የሚያበቃው ሎስ አንጀለስ ዳውንታውን፣ 7ኛ ስትሪትና ብሮድዌይ ላይ ነበር። በ1936 ሳንታ ሞኒካ ድረስ ተራዘመ። እዚያም የቆመው ሊንከንና ኦሎምፒክ የሚባሉት ጎዳናዎች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ነው፤ ዛሬ ሜልስ የሚባለው ዳይነር ያለበት።

ለምን እዚያ? የዩኤስ መንገዶች (እንደ 66 የዩኤስ ቁጥር የተሰጣቸው ሃይዌዮች) አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቁት ሌላ የዩኤስ መንገድ ሲያገኙ ወይም ድንበር ሲደርሱ ነው። ሊንከን ያኔ 101 ኦልተርኔት፣ ማለትም የዩኤስ 101 አማራጭ መንገድ ነበር። 66 ከእሱ ጋር ተገናኘ፣ አበቃ፤ ባሕሩን ማን ጠየቀው? እንግዲህ ዓመቱን ከያዝክ በኋላ፣ በዚያ ዘመን በአካባቢው ያለፈውን ሌላ ቁጥር ፈልግ። ችግሩ ካሊፎርኒያ በ1964 ቁጥሩን ሁሉ አተራመሰችው። ሊንከን የስቴት መንገድ 1 ሆነ፣ 66 ይሄድበት የነበረው ሳንታ ሞኒካ ቡልቫርድ 2 ሆነ፣ ከፓሳዴና ወዲህ 66 የሚለው ቁጥር ራሱ ተነሳ። የዛሬውን ካርታ አፍጥጠህ ብትውል ምንም አይነግርህም።

በነገራችን ላይ፣ ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለችው ሊትል ኢትዮጵያ ቁጭ ብላችሁ ክትፎ የምትበሉ፣ ኦሎምፒክ ቅርብ ነው ብላችሁ 66 ዳር ያላችሁ እንዳይመስላችሁ። መንገዱ የሚመጣው በሳንታ ሞኒካ ቡልቫርድ ነው። ሊንከን ላይ ወደ ግራ ይታጠፍና ኦሎምፒክ ሲደርስ ያበቃል። ፌርፋክስን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ብትነዱ ግን ዌስት ሆሊውድ ላይ ታቋርጡታላችሁ።

የቺካጎው ጫፍም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የጃክሰንና የሚሺጋን ጎዳናዎች መገናኛ፣ ከ1933 በኋላ ሌክ ሾር ድራይቭ። በ1955 ጃክሰን ዋን ዌይ ሲሆን፣ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መኪና ወደ አዳምስ ስትሪት ዞረ። የመነሻው ታፔላ አዳምስ ላይ የሆነው ለዚህ ነው።

ለሌላ መንገድ ስትፈልግ፣ ነዳጅ ማደያዎች በነጻ ያድሏቸው የነበሩት የድሮ ካርታዎች ኢቤይ ላይ አይጠፉም። የስቴቱን ትልቅ ካርታ ተወውና ጥግ ወይም ጀርባ ላይ ያለችውን ትንሿን የከተማ ካርታ እይ፤ ቁጥሩ በየትኛው ጎዳና እንደገባ የምታሳየው እሷ ናት። ዓመታቸው የሚቀራረብ ሁለት ካርታ ጎን ለጎን ብታስቀምጥ መጨረሻው መቼ እንደተነሳ ይገለጥልሃል። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይም የድሮ ካርታዎቹን ቶፖቪው በሚባለው ገጹ ላይ በነጻ ይሰጣል። እዚያ ግን ግርጌውን ሳታነብ አትመን። የተጠናበት፣ የታረመበትና የታተመበት ዓመት ሊለያይ ይችላል፤ አዲስ የታተመ ካርታ ላይ የድሮ ቁጥር ታገኛለህ።

የዲሲ ልጆች ደግሞ ፍለጋውን ዩኤስ 240 በሚባለው የድሮ መንገድ ጀምሩ። ወደ ፍሬድሪክ የምትነዱበት 270 ፍሪዌይ በፊት 240 ነበር። ከፍሪዌዩ በፊት የነበረው 240 ደግሞ ዛሬ የሜሪላንድ 355 ተብሎ ሮክቪል ፓይክ ላይ አለ።