ከማሳ ወደ ጎረቤት፦ ስለ ቤተሰብ እርሻ ለጠየቃችሁኝ

እኛ ቤት አትክልት እናመርታለን። የምንሸጠውም ለአካባቢያችን ሰው ነው፣ ያለ ደላላ። ይህን ሥራ የጀመሩና ሊጀምሩ ያሰቡ ሰዎች ጥያቄ ሲያነሱልኝ ከርመዋል። ዛሬ የተጠራቀመውን ላራግፍ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከግማሽ ሄክታር ያነሰ መሬት አለን። ውሃም አለን። ምን ብንዘራ ያዋጣናል?

መልስ፦ ቅደም ተከተሉን ልቀይርላችሁ። መጀመሪያ ገዢ፣ ከዚያ ዘር። በአጭር መንገድ ልትደርሱላቸው የምትችሉት ቤተሰቦች ስንት ናቸው? በሳምንት ስንቴ አትክልት ይገዛሉ? አሁን ከሚገዙት ውስጥ ምኑ ያናድዳቸዋል? ይህን ሳያውቁ መዝራት ቁማር ነው።

በዚህ ስፋት ድንችና ደረቅ ሽንኩርት ውስጥ አልገባም። ሁለቱም ርቀት ይችላሉ፣ ጊዜም ይችላሉ። ሰፊ መሬትና ማሽን ያለው ሰው በርካሽ አምርቶ ከሩቅ ጭኖ ያመጣቸዋል፤ በዋጋ አትችሉትም። የትንሽ እርሻ ጉልበቱ መንገድ የማይወድ ነገር ላይ ነው። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ለጋ ፎሶሊያ፣ ከነቅጠሉ የሚሸጥ ካሮት፣ ተክሉ ላይ የቀላ ቲማቲም። ሩቅ የሚሄድ ቲማቲም ገና ጠንካራ እያለ መለቀም አለበት፤ አለዚያ መኪና ላይ ይፈርጣል። እናንተ ግን እስኪቀላ ልትጠብቁት ትችላላችሁ። ደንበኛ አንዴ ከቀመሰው ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልጋችሁም።

ጥያቄ፦ ባለፈው ወቅት ሰላጣው ሁሉ በአንድ ሳምንት ደረሰ። ግማሹን ሸጥን፣ ግማሹ ማሳ ላይ አረጀ። በቀጣዩ ወር ደንበኞች ሲመጡ የምንሰጣቸው አጣን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ መሬቱን ሁሉ በአንድ ቀን መዝራት ደስ ይላል፤ ጣጣው የሚመጣው ሲደርስ ነው። ከመሸጫው ቀን ተነስታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ራዲሽ ከ25 እስከ 30 ቀን፣ ሰላጣ ከ45 እስከ 60፣ ካሮት ከ70 እስከ 80 ቀን ገደማ ይፈልጋል። ቲማቲም ችግኙ ከተዛወረ በኋላ ከ60 እስከ 80 ቀን ይወስዳል። እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ይለያያል። ስለዚህ የዘራችሁበትንና የለቀማችሁበትን ቀን ደብተር ላይ ጻፉ። ትንሽ ቆይቶ ያ ደብተር ከዘር ማሸጊያው የበለጠ ይነግራችኋል።

ሰላጣን መደቡን ከፋፍላችሁ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ዝሩ። ሙቀት ሲበረታ ደግሞ ቶሎ ቶሎ። ሙቀት ሰላጣን ወደ አበባ ይገፋዋል፤ ቅጠሉም መራራ ይሆናል። የዝኩኒና የኪያር ጉዳይ ሌላ ነው፤ እነሱን ደጋግሞ መልቀም ነው። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ካልለቀማችሁ አንዱ ፍሬ ያብጥና ዘር ይይዛል፤ ተክሉም አዲስ ፍሬ መስጠቱን ይቀንሳል። ራቅ ያለ ጉዞ ካላችሁ ለቃሚ ተክታችሁ ሂዱ። የዝኩኒ ነገር ይሉኝታ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የቆረጥነው ሰላጣ ከሰዓት ጠውልጎ እናገኘዋለን። ውሃ እንረጭበታለን፣ አይመለስም።

መልስ፦ አራት ሰዓት ረፍዷል። የተቆረጠ ቅጠል መተንፈሱን አያቆምም። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር አተነፋፈሱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። ያጠራቀመውን ስኳር ያቃጥላል፣ ውሃውንም ይለቃል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ማሳ ውስጥ ተገኙ። በዚያ ሰዓት ቅጠሉ ቀዝቃዛና ውጥር ነው፤ ስታጥፉት ቀጭ ይላል። ግርጌውን በስለታም ቢላ ቁረጡት። ነጭ ወተት መሳይ ፈሳሽ ያወጣል፤ በውሃ አለቅልቁት፣ ካልታጠበ ይጠቁራል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ንከሩት፣ አራግፉት፣ ጥላ ያለበት ቦታ ሳጥን ውስጥ አድርጋችሁ እርጥብ ንጹሕ ጨርቅ አልብሱት። መርጨት ላዩን ያርሳል እንጂ የያዘውን የማሳ ሙቀት አያወጣለትም። መንከሪያው ውሃ ለመጠጥ የሚሆን ይሁን፤ ቶሎ ቶሎም ይቀየር። አንድ የቆሸሸ ቅጠል ገንዳውን በሙሉ ይበክላል።

ሁሉንም ግን በአንድ መንገድ አታቀዝቅዙ። ቅጠላ ቅጠል ለዜሮ ዲግሪ የቀረበ ቅዝቃዜ ይወዳል። ቲማቲም ከ12 ዲግሪ በታች ሲቆይ ጣዕሙ ይጠፋል። ኪያርም ከ10 ዲግሪ በታች ለቀናት ከከረመ ቆዳው ይጎደጉዳል። ፀሐይ ላይ የዋለ ቲማቲም ደግሞ በረዶ ውሃ ውስጥ አይገባም። ድንገት ሲቀዘቅዝ ፍሬው ከተክሉ በተነቀለበት ጠባሳ በኩል ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ውሃው ውስጥ ያለ ጀርም አብሮ ይገባል። ካሮትን ከነቅጠሉ የምትሸጡት ከሆነ በዚያው ቀን ይውጣ። ቅጠሉ ከሥሩ ውሃ ይመጥጣል።

ጥያቄ፦ ፍራፍሬና ሰላጣ አንድ ክፍል ውስጥ ብናስቀምጥ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። የበሰለ ሙዝ፣ ፖምና ቲማቲም ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ይህ ጋዝ ሰላጣ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያመጣል፣ ኪያርን ቢጫ ያደርገዋል፣ ካሮትንም መራራ ያደርገዋል። ለዩአቸው።

ጥያቄ፦ ቲማቲማችን ከታች በኩል ይጠቁርና ይሰረጉዳል። በሽታ መስሎን መድኃኒት ረጨን፣ ለውጥ የለም።

መልስ፦ ለውጥ አይኖርም፤ የጀርም በሽታ አይደለም። ፍሬው ካልሲየም ሲያጣ የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ አፈሩ ውስጥ ካልሲየም አለ፤ ተሸክሞ ወደ ፍሬው የሚያደርሰው ውሃ ነው የሚቆራረጠው። ሦስት ቀን ድርቅ፣ በአራተኛው ቀን ጎርፍ፤ እንዲህ ከሆነ ይጠቁራል። ከድርቅ በኋላ የሚመጣ ብዙ ውሃ ፍሬውንም ይሰነጥቀዋል። ውሃውን እኩል እኩል አድርጉት፤ ጠብታ መስኖ ካላችሁ ጥሩ። ግርጌውን በደረቅ ሣር ወይም በገለባ ሸፍኑት።

ጥያቄ፦ የከብት ፍግ በብዛት አለን። በቀጥታ ሰላጣ መደብ ላይ ብንጨምረውስ?

መልስ፦ ጥሬውን አይሆንም። ሰላጣ ሳይበስል ነው የሚበላው። በሰፊው የሚሠራባቸው የኦርጋኒክ ደረጃዎች ጥሬ ፍግ ከተጨመረ በኋላ የሚበላው ክፍል አፈር ለሚነካ ሰብል ቢያንስ 120 ቀን፣ ለማይነካ 90 ቀን ጠብቆ መልቀም ይላሉ። የተሻለው ማብላላት ነው። ክምሩ ከ55 ዲግሪ በላይ ሞቆ ለቀናት መቆየት አለበት፤ ጠርዙ ላይ ያለው ወደ መሃል እንዲገባ ደጋግማችሁ አገላብጡት። ረጅም የብረት ቴርሞሜትር ግዙ። እጅ ሙቀት ይለካል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ጥያቄ፦ ዋጋ ስናወጣ ግራ ይገባናል። ከጅምላው ጋር እናስተካክለው?

መልስ፦ የጅምላው ዋጋ የሌላ ሰው ሒሳብ ነው። የዘር፣ የውሃ፣ የመጓጓዣና የማሸጊያ ወጪ ማንም ይጽፋል። የሚረሳው የቤተሰብ ጉልበት ነው። እናት ስታርም የዋለችበት፣ ልጅ ሳጥን ሲያጥብ ያመሸበት ሰዓት። ለቅጥር ሠራተኛ በምትከፍሉት ልክ አስሉት። ከዚያ በኋላ ምንም የማይተርፈው ሰብል ካለ፣ ምንም ያህል ብትወዱት ከዝርዝር ይውጣ።

ሲመሽ ዋጋ መስበርንም አልወድም። ሰው ቶሎ ይማራል፤ ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ማታ መምጣት ይጀምራል። የተረፈውን ለተቸገረ ስጡ፣ አለዚያ ኮምፖስት ውስጥ ጨምሩት።

ጥያቄ፦ ደንበኞች አስቀድመው ከፍለው በየሳምንቱ ሳጥን የሚወስዱበት አሠራር ያዋጣል?

መልስ፦ ያዋጣል፤ ገንዘቡ ዘር በሚገዛበት ሰዓት እጃችሁ ይገባል። አሠራሩ አዲስ አይደለም። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ገበሬዎችና ሸማቾች በቀጥታ ተስማምተው ይሠሩበት ነበር፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ አሜሪካ ገባ። ግን ሰው የከፈለው አስቀድሞ ነው፣ ያመነው እናንተን ነው። በረዶ ወይም ተባይ ሰብሉን ቢመታው ማን ይጎዳል? ይህ ከመጀመሪያው ይነገር፣ ይጻፍም። በጥቂት ቤተሰብ ጀምሩ። ሳጥኑንም የተረፈ ነገር ማራገፊያ አታድርጉት። ሦስት ሳምንት ተከታታይ ዝኩኒ የደረሰው ሰው በሚቀጥለው ወቅት አይመዘገብም።

ጥያቄ፦ ዱቤስ?

መልስ፦ ለጥቂት ለምታውቋቸው፣ በጽሑፍ፣ ከወር ለማያልፍ። ከዚያ ካለፈ ደንበኛውንም ገንዘቡንም ታጣላችሁ።

ጥያቄ፦ መድኃኒት ብዙም አንጠቀምም። «ኦርጋኒክ» ብለን መለጠፍ እንችላለን?

መልስ፦ በብዙ አገሮች ቃሉ በሕግ የተያዘ ነው፤ ያለ ምስክር ወረቀት መጠቀም ያስቀጣል። የምትሠሩትን በግልጽ ተናገሩ፤ ይህን ረጭተናል፣ ያንን አልረጨንም በሉ። ከረጫችሁ ደግሞ የመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ ከርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለበት ተጽፏል። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ቢለምንም ቀኑ ሳይሞላ አትልቀሙ።

ጥያቄ፦ እኔና ወንድሞቼ አብረን እንሠራለን። ሥራው ሲበዛ ጭቅጭቁም በዛ። ምን ትመክረናለህ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ከተባይ ይልቅ ብዙ እርሻ ያፈረሰ ነገር ነው። ሦስት ነገር ለዩ። የእርሻው ገንዘብ ከቤት ገንዘብ ይለይ። እያንዳንዱ ሰው፣ ትንሽም ቢሆን፣ የታወቀ ክፍያ ይኑረው፤ «ለቤታችን ነው» እየተባለ በነፃ የሚሠራ ሰው አንድ ቀን ይፈነዳል። ሦስተኛው፣ በየዘርፉ የመጨረሻ ቃል ያለው አንድ ሰው ይሁን። መስኖውን የያዘው ስለ መስኖ፣ ሽያጩን የያዘው ስለ ሽያጭ ይወስን። በሳምንት አንድ ቀን ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ለቀማ ላይ አትከራከሩ፤ ሰላጣው ይጠወልጋል።

ጥያቄ፦ ቲማቲም በየዓመቱ በአንድ መደብ ብንተክል ምን ይመጣል?

መልስ፦ አፈሩ ውስጥ የቀረው በሽታ ቀጣዩን ችግኝ ይጠብቀዋል። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንችና ደበርጃን አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ስለዚህ ቲማቲምን አንስቶ ድንች መትከል ማፈራረቅ አይባልም። ከሦስት እስከ አራት ዓመት ወደዚያ መደብ አትመልሷቸው። በመሃል ባቄላ፣ ሽንኩርት ወይም ካሮት ዝሩበት። የመደቦቹን ንድፍ ወረቀት ላይ ሳሉና ዓመቱን ጻፉበት። ይህንም የዘንድሮው ችግኝ ከመዛወሩ በፊት አድርጉት፤ በኋላ የቱ የት እንደነበር ማንም አያስታውሰውም።