«ሺህ ጊዜ የታጠፈ» ስለተባለው የጃፓን ጎራዴ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል። የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አዛውንት ሲያርፉ ቤተሰባቸው ከሸጣቸው ዕቃዎች መካከል አንድ የጃፓን ጎራዴ ገዛሁ። እጀታውም ሰገባውም ቀለም ያልነካው ነጣ ያለ እንጨት ሲሆን የእጅ መከላከያም ሆነ ጌጥ የለውም፤ ሰገባው ላይ ግን በቀለም የተጻፈ የጃፓንኛ ጽሑፍ አለ። ሻጮቹ «ብረቱ ሺህ ጊዜ የታጠፈ ነው» ብለውኛል። ይህ እውነት ነው? እንጨቱ ሥራው ያላለቀ ስለሚመስል ቫርኒሽ ብቀባው ምን ይመስላችኋል? እጀታው ውስጥ የሚገባው የብረቱ ጭራ ደግሞ ጠቁሮ ስለዛገ በብርጭቆ ወረቀት ላጸዳው አስቤአለሁ።
ተ. መ.

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንጀምራለን፤ ሌሎቹ ቢዘገዩ ጉዳት የለውም፣ ይህኛው ግን ጊዜ አይሰጥም። የብረቱን ጭራ እባክዎ አይንኩት። ብርጭቆ ወረቀትም ሆነ ዝገት ማስለቀቂያ ፈሳሽ አያስጠጉት። ጃፓኖች «ናካጎ» የሚሉት ይህ ክፍል ሆን ተብሎ ሳይወለወል የሚተው ነው፤ በዘመን ብዛት የሚይዘው ጥቁር ዝገት አዋቂዎች የጎራዴውን ዕድሜ ከሚገምቱባቸው ዋና ዋና ምልክቶች አንዱ ሲሆን፣ የአንጥረኛው ፊርማ ካለም የሚገኘው እዚያው ላይ ነው። ያንን ዝገት የፋቀ ሰው ማንም መልሶ ሊተካው የማይችለውን ማስረጃ ያጠፋል። ፊርማ ቢያገኙም ወዲያው አይመኑት፤ የታላላቅ አንጥረኞችን ስም በሌላ ሰው ሥራ ላይ መቅረጽ በጃፓን ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረ ማታለል ነው።

ስለ መታጠፉ የተነገረዎት በከፊል ብቻ እውነት ነው። የጃፓን አንጥረኛ ብረቱን አግሎ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ ያጥፈዋል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያጥፈው ከ10 እስከ 15 ጊዜ ነው። እያንዳንዱ እጥፋት ንብብሩን በእጥፍ ስለሚያበዛው፣ 10 ጊዜ የታጠፈው 1,024፣ 15 ጊዜ የታጠፈው ደግሞ 32,768 ንብብር ይኖረዋል። የሻጮቹ «ሺህ» የመጣው የንብብሩን ቁጥር ከእጥፋቱ ቁጥር ጋር ከማምታታት ይመስለናል። 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት 30 ጊዜ እንኳ ቢታጠፍ ንብብሩ ከ1 ቢሊዮን ስለሚያልፍ፣ እያንዳንዱ ንብብር ከአንድ የብረት አቶም የቀጠነ መሆን ነበረበት።

የማጠፉ ምክንያት ጥሬ ዕቃው ነው። የባህላዊው አንጥረኛ አረብ ብረት፣ «ታማሃጋኔ»፣ የሚገኘው «ታታራ» በተባለ የሸክላ ምድጃ የብረት አሸዋን ከከሰል ጋር በማቅለጥ ነው። ዛሬም በሺማኔ ግዛት፣ በኦኩኢዙሞ፣ የጃፓን ጥበባዊ ጎራዴዎች ጥበቃ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1977 መልሶ ሥራ ያስጀመረው ምድጃ በክረምት ይነድዳል፤ ሠራተኞቹ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ወደ 10 ቶን አሸዋና ወደ 12 ቶን ከሰል ሲመግቡት ቆይተው፣ በመጨረሻ ምድጃውን ራሱን አፍርሰው 2.5 ቶን ገደማ የሚመዝን ጓል ያወጣሉ። ከዚያ ውስጥ ለጎራዴ የሚሆነው ምርጥ ክፍል አንድ ቶን አይሞላም። ይህም ምርጥ የተባለው ቢሆን አንዱ ጎኑ ካርቦን የበዛበትና ተሰባሪ፣ ሌላው ያነሰውና ለስላሳ፣ ዝቃጭም ያልጠፋበት ነው። ማጠፉ ዝቃጩን እየጨመቀ ያስወጣል፣ ካርቦኑንም በእኩል ያዳርሳል። ብረቱ በጋለ ቁጥር ግን ካርቦኑ እየተቃጠለ ስለሚቀንስ፣ ከልክ በላይ የታጠፈ ብረት ስለት መያዝ ያቅተዋል፤ የአንጥረኛው ጥበብ መቼ ማቆም እንዳለበት ማወቁም ነው። በፋብሪካ የተመረተ የዛሬ አረብ ብረት ከመጀመሪያውም ንጹሕና ወጥ ስለሆነ፣ እሱን ማጠፍ ከመልክ በቀር የሚጨምርለት ነገር የለም።

ይህ የእርስዎን ጎራዴ ለመመርመር ይረዳዎታል። የእጥፋቱ ዱካ «ሃዳ» ይባላል፤ የተላገ ሳንቃን ጅማት የሚመስል ሆኖ፣ ብረቱን በአንድ መብራት ሥር ቀስ ብለው ሲያዘነብሉት ብቻ ብቅ የሚል ረቂቅ ነገር ነው። ከሩቅ የሚጮህ፣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ የሚታይ ሞገድ ካዩ ብረቱ በአሲድ የተነከረ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በስለቱ በኩል የሚታየውንም ነጭ መስመር፣ «ሃሞን»ን፣ እንዲሁ ያጢኑት፤ እውነተኛው የሚፈጠረው አንጥረኛው ጀርባውን በወፍራም፣ ስለቱን በስስ ጭቃ ለብጦ ብረቱን ውኃ ሲያጠጣው ስለሆነ በውስጡ የተበተነ ብናኝ የመሰለ ብልጭታ ይታያል፤ በሽቦ ብሩሽ የተሣለው ግን ጠፍጣፋ ነው።

እንጨቱ ሥራው ያለቀ ነው። ስሙ «ሺራሳያ» ሲሆን ትርጉሙም «ነጭ ሰገባ» ማለት ነው። እኛ ሰገባ ሲባል በቆዳ የተለበጠውን ስለለመድን ባዶ እንጨት ጅምር ይመስለናል፤ ይሁንና ይህ ጎራዴ ለውጊያ የሚለብሰው ሳይሆን የሚያርፍበት ልብስ ነው። የሚሠራው «ሆ» ከሚባል የማግኖሊያ ዛፍ ነው፤ እንጨቱ ለስላሳ በመሆኑ ብረቱን አይፍቅም፣ ሙጫው አነስተኛ ስለሆነም ዝገት አያመጣም። ሁለቱ ክፋዮች የሚጣበቁት በተላቆጠ ሩዝ ብቻ ነው፤ ይህም ውስጡ ቢቆሽሽ ተከፍቶ እንዲጸዳ ሲባል የተደረገ ነው። ቫርኒሽ ቢቀቡት እንጨቱ እርጥበት እንዳያስተነፍስ ስለሚያፍነው ጦሱ ለብረቱ ይተርፋል። በሰገባው ላይ ያለው ጽሑፍም ምናልባት አንድ አዋቂ ጎራዴውን መርምሮ የአንጥረኛውን ስምና የብረቱን ርዝመት ያሰፈረበት ሊሆን ይችላል፤ በእርጥብ ጨርቅ አይወልውሉት፣ ጃፓንኛ ለሚያነብ ሰው በፎቶግራፍ ያሳዩት።

እ.ኤ.አ. ከ1945 በኋላ ብዙ ጎራዴዎች በአሜሪካ ወታደሮች እጅ ከጃፓን ወጥተዋል፤ ከእነዚህ መካከል የጥንት ቅርሶች እንዳሉ ሁሉ ለጦርነቱ በፋብሪካ ብረት በጥድፊያ የተመረቱም እጅግ ብዙ ናቸው። የእርስዎ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ዓይቶ የሚፈርድ ባለሙያ እስኪያገኙ ድረስ ብረቱን በባዶ ጣት አይንኩ፤ የእጅ ላብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዝገት ይተክላል። በንጹሕ ለስላሳ ወረቀት ጠርገው፣ ቅርንፉድ የተቀላቀለበትን ቀላል የጎራዴ ዘይት በስሱ ይቀቡት፤ በየጥቂት ወሩም ይድገሙት። ስለቱን ቢላ ለሚስል ሰው መስጠት ግን ፈጽሞ አይታሰብ። የሠለጠነ የጃፓን ጎራዴ ወልዋይ እንኳ በአንድ ብረት ላይ ሳምንታት ይፈጅበታል፣ እያንዳንዱ ውልወላም ከብረቱ ገላ ጥቂት ይወስዳል።

ጥያቄ፦ የጃፓን የጎራዴ ስፖርት እለማመዳለሁ። ቀላልና ውብ ስለሆነ በሺራሳያ ያለ ጎራዴ ገዝቼ ልለማመድበት እችላለሁ?
አንባቢ፣ ከሃይፋ

መልስ፦ አይችሉም። እጀታው በሩዝ የተጣበቀ ስለሆነ በምት ጊዜ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ብረቱን የያዘውም አንድ የቀርከሃ ችንካር ብቻ ነው። የእጅ መከላከያ ስለሌለውና እንጨቱ ስለሚያዳልጥ፣ እጅዎ ተንሸራትቶ ስለቱ ላይ ሊወጣ ይችላል። ለልምምድ እጀታው በዓሣ ቆዳ ተለብጦ በገመድ የተጠመጠመ፣ የእጅ መከላከያ ያለው ጎራዴ ይግዙ፤ ችንካሩንም ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ይፈትሹ።