ለወጣት የሙዚቃ ደራሲያን፦ ወንዙን ተከተሉት

ልጆቼ፣ ለኦርኬስትራ መጻፍ የምትመኙ ሁሉ የቼኩን ደራሲ የቤድርዢክ ስሜታናን «ቭልታቫ» ቁጭ ብላችሁ ስሙልኝ፤ ስሙ በፕራግ የሚያልፈው ወንዝ ስም ነው። 12 ደቂቃ ገደማ ነው። እየሠራችሁ አይደለም፣ ስልካችሁን አስቀምጣችሁ።

ዘፋኝ የለውም፤ ታሪኩ ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ሁለት ፍሉቶች እየተቀባበሉ ይጀምራሉ፤ የመጀመሪያው ምንጭ ነው። ክላርኔቶቹ ሁለተኛውን ይዘው ይገባሉ። ምንጮቹ ሲገናኙ ቫዮሊኖቹ ያንን ሰፊ ዜማ ያነሱታል። ወንዙ የአዳኞች ቀንድ በሚነፋበት ጫካ ያልፋል፤ ዳር ላይ የገጠር ሰርግ አለ፣ ፖልካ የሚባለው የቼክ ጭፈራ ይጨፈራል። ጨረቃ ትወጣለች። ቀጥሎ ውሃው ከቋጥኝ ጋር ይላተማል። ፕራግ ሲደርስ የጥንቱ አምባ የቪሼህራድ ዜማ ይመጣል። ይህ ዜማ «ሀገሬ» የተባለውን ባለ ስድስት ክፍል ሥራ የሚከፍተው ነው፤ ከመጀመሪያው የሰማ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። እኔ እዚህ ቦታ ላይ ሁሌም ልቤ ይሞላል።

ይህን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1874 መጨረሻ፣ ጆሮው ሙሉ በሙሉ ከደነቆረ በኋላ ነው። ቼኮች ያኔ በኦስትሪያ አገዛዝ ሥር ነበሩ። እሱ ራሱ በጀርመንኛ ተምሮ ያደገ ሰው ነው፤ ቼክኛን በደንብ የተማረው ካደገ በኋላ ነው። ያ ዝነኛ የወንዙ ዜማም ከ17ኛው መቶ ዘመን የጣሊያን ዜማ ጋር በጣም ይመሳሰላል። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ብሔራዊ መዝሙሩ «ሃቲክቫ» ትዝ ይላችኋል፤ ቤተሰብ ናቸው።

ታዲያ የቼክ ያደረገው ምኑ ነው? መንገዱ ነው። የት እንደሚነሳ፣ በማን ደጅ እንደሚያልፍ፣ የት እንደሚደርስ። ሕዝቡም የኔ ብሎ ተቀበለው። «ሀገሬ» እስከ ዛሬ ደራሲው ባረፈበት ቀን፣ በፈረንጆቹ ሜይ 12፣ የፕራግ ስፕሪንግ የሙዚቃ ፌስቲቫልን ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ1948 አገሩን ጥሎ የወጣው የኦርኬስትራ መሪ ራፋኤል ኩቤሊክ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመልሶ የመራውም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ትዝታን ወይም ባቲን ለቫዮሊን ስለሰጣችሁ ብቻ ሥራው ያለቀ አይምሰላችሁ። ቅኝቱ ያስፈልጋል፤ ግን ወዴት ይሄዳል?

ቀጥሎ የ«ሀገሬ»ን የመጨረሻ ሁለት ክፍሎች፣ «ታቦር»ን እና «ብላኒክ»ን ስሙ። እዚያ ስሜታና የያዘው የ15ኛው መቶ ዘመን የሁሲቶች፣ የቼኩ የሃይማኖት ተሐድሶ ሰባኪ የያን ሁስ ተከታዮች፣ መዝሙር ነው። በአንድ ጊዜ ሙሉውን አይሰጣችሁም፤ እየቆራረሰ፣ እየመለሰ ይሠራዋል። ኖታውን ይዛችሁ የት የት እንደቆረጠው ተከታተሉ።